ላስታ ያልወደደቻቸው መጻሕፍት

እ.ኤ.አ. በ1540 ስለ ኢትዮጵያ የሚናገሩ ሁለት መጻሕፍት አውሮጳ ውስጥ ታተሙ። አንደኛው ሊዝበን ላይ፣ ሁለተኛው ሉቫን በምትባለው የፍላንደርስ ከተማ። የፊተኛውን የጻፈው ላሊበላን በዓይኑ ያየ ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። የኋለኛው ደራሲ ራሳቸውን የቡግና ራስ ብለው ያስተዋወቁ ኢትዮጵያዊ ካህን ናቸው። ቡግና የላስታ ምድር ነው፤ ላሊበላ ራሷ እስከ ቅርብ ጊዜ በቡግና ወረዳ ሥር ነበረች። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የእኛን አገር የረገጡ ሁለት ሰዎች መጽሐፍ አወጡ ማለት ነው። ለሁለቱም አንባቢው ገር አልሆነላቸውም። ቄሱ ገና ብዕሩን ሳያስቀምጥ አያምኑኝም ብሎ ሰጋ፤ የካህኑ መጽሐፍ ደግሞ ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ።

እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ማስጎብኘት ነው። ዳዊት የደገምኩት እዚሁ ደብር ከየኔታ እግር ሥር ነው፤ እንግሊዝኛውን የለመድኩት ከእንግዶች ጋር ዋሻ ለዋሻ ስወጣና ስወርድ። እንግዳ ሻንጣው ሲከብደው መጀመሪያ የሚጥለው መጽሐፍ ነው። ሆቴል የሚሠሩ ልጆች አልጋ ሲያነጥፉ ያገኙትን «ይሄ ያንተ ነው» እያሉ ያቀብሉኛል፤ ቤቴ ያለው መደርደሪያ የሞላው በዚህ ዓይነት ነው። አብዛኛው ተነቦ አላለቀም። የታጠፈው ገጽ ወይም መሐል ላይ የቀረው የአውሮፕላን ትኬት ቁራጭ ሰውየው የት ላይ እንደሰለቸው ያሳየኛል። እኔ ደግሞ እነርሱ ካቆሙበት እቀጥላለሁ።

የፖርቱጋላዊውን ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝን መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚያቆመው ከመሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝኛ በሁለት ቅጽ የታተመውን የእርሱን መጽሐፍ አንድ እንግዳ ሲሰጠኝ «የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ ላይ ሲጠብቁ እኔም አብሬ ጠብቄ ደከመኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። አልቫሬዝ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኛ ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋር ምጽዋ ወርዶ እስከ 1526 ድረስ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ተቀምጧል። የጻፈውም የኖረውን ነው፦ በቅሎ ስለ መጠበቅ፣ ስለ አንበጣ፣ ስለ ዝናብና በረዶ፣ ስለ ጾም ክርክር፣ ንጉሡ አስጠርቶ እንደገና ሂዱ ስለሚልበት ቀን። በዚያ ዘመን የነበረው የአውሮጳ አንባቢ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚጠብቀው። ከ1165 ገደማ ጀምሮ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ያሉት የቄሱ ንጉሥ የዮሐንስ ነው የተባለ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ሲዞር ኖሯል፤ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ንጉሥ በዕንቁ ቤተ መንግሥት የሚኖር፣ ነገሥታት የሚያገለግሉት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ንጉሥ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከሰፈር ሰፈር የሚነቀል ድንኳን ቢያቀርቡለት አንጀቱ አይርስም።

አልቫሬዝ ያን አንባቢ በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ላሊበላ ላይ ሲደርስ ችግር ገጠመው። ከመሬት በላይ ያለ ግንብ ቢሆን ኖሮ አንባቢው በሮምና በሊዝበን ካየው ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ከአንድ ድንጋይ ውስጥ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ጣሪያው ከደጁ መሬት ጋር የሚተካከል ቤተ ክርስቲያን ግን ከምን ጋር ይመሳሰላል? ቄሱ የመረጠው መንገድ መለካት ነው። መድኃኔ ዓለምን በስንዝር ለካ፣ ዓምዶቹን ቆጠረ፣ ስማቸውን አንድ በአንድ ዘረዘረ፦ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ጎልጎታ፣ አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ ጊዮርጊስ። ዛሬ እንግዳ ይዤ የምዞረው በእነዚሁ ስሞች ነው። ከዚያ በኋላ ከዚህ በላይ ብጽፍ ውሸታም ትሉኛላችሁ ብሎ አቆመ፤ የጻፈው እውነት ስለመሆኑም በእግዚአብሔር ስም ማለ። አንድ ጸሐፊ አንባቢውን ፈርቶ ስለ ላሊበላ መጻፉን በመሐላ የዘጋበት ይህ ገጽ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ያስቀረው ምን እንደነበር ማን ያውቃል? ይምርሃነ ክርስቶስንም አይቷል፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የታነጸውን። ስለዚያ የጻፈው ጥቂት ገጽ ነው፤ እኔ ግን መጽሐፉን ለሚጥሉ እንግዶች ቢያንስ ያንን ሳያነቡ እንዳይጥሉት እለምናቸዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ልፋት መሐል ግን አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያናቱ በ24 ዓመት እንዳለቁና የሠሯቸውም ነጮች እንደሆኑ ሰዎች ነገሩኝ ብሎ ጽፏል። ያየውንና የሰማውን ለይቶ ስላስቀመጠ አልቀየመውም። ይህች ወሬ ግን ከ450 ዓመት በኋላ ለእኛ ዕዳ ሆና መጣች።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልሂድ፤ ከሁሉ የሚነካኝ እርሱ ነውና። ደራሲው ጸጋ ዘአብ ከአልቫሬዝ ጋር በአንድ መርከብ፣ የልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆነው በ1527 ሊዝበን ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው የክብር አቀባበል ብቻ አልነበረም። የፖርቱጋል ንጉሥ የሃይማኖት ሊቃውንት ተሰብስበው ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ጾም፣ ሥጋን ንጹሕና ርኩስ ብሎ ስለ መለየት ሲመረምሯቸው ከረሙ። ጊዜው ረዘመ፤ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ከቅዱስ ቁርባን ከለከሏቸው። ላስታ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ ካህን እንግዳ ሲሆን ምን እንደሚደረግለት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀዳሽ ከመቅደስ ደጅ ቆሞ ሲቀር!

ጸጋ ዘአብ ለዚህ መልስ የሰጡት በብዕር ነው። በ1534 ሊዝበን ላይ ሆነው የኢትዮጵያን እምነትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፉ። ዳሚያዎ ደ ጎይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሊቅ በላቲን መልሶ በ1540 ሉቫን ላይ አሳተመው። ካህኑ በዚያ መጽሐፍ ቅዳሜን የምናከብረው ከሐዋርያት ሥርዓት ተቀብለን እንደሆነ፣ ግዝረታችን የአባቶች ልማድ እንጂ ያለ እርሱ አይዳንም የሚባል እንዳልሆነ እያስረዱ ይሄዳሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይለወጣል። ከሩቅ የመጣን ክርስቲያን በልማዱ ምክንያት ማስጨነቅ እንደማይገባ፣ ሁሉም በየሥርዓቱ በክርስቶስ ፍቅር እንዲኖር መተው እንደሚገባ ይናገራሉ። በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ጠብ አውሮጳ በምትታመስበት ዘመን፣ የቡግናው ሰው ይህን በሊዝበን ተቀምጠው ጻፉ።

የፖርቱጋል ዋና የሃይማኖት መርማሪ፣ በኋላ ካርዲናል የሆኑት ኤንሪኬ፣ የንጉሡ ወንድም ነበሩ። መጽሐፉ አገራቸው ውስጥ እንዳይሸጥ በ1541 ከለከሉ። ለጎይስ ከሰጡት ምክንያት ውስጥ አንዱ ለእኔ ከምስጋና ይበልጣል፦ ኢትዮጵያዊው ለእምነቱ ያቀረበው ማስረጃ የፖርቱጋል ሊቃውንት ከሰጡት መልስ ጠንክሮ ታይቷቸዋል። መጽሐፉን አልተዉትም፤ እስከ መጨረሻው አንብበውት፣ ገብቷቸው ነው የጠሉት። በሌሎች አገሮች ደግሞ ወዲያው በ1541 ፓሪስ ላይ፣ ከዚያም በ1544 እንደገና ሉቫን ላይ ታተመ።

ይህን መጽሐፍ እዚህ ላሊበላ ላለ ዲያቆን ወዳጄ ከእንግሊዝኛ እያወጣሁ በቃል ነግሬዋለሁ። ከጥቂት ምሽት በኋላ በቃኝ አለ። «ይሄንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጾሙም ያው፣ ሰንበቱም ያው» አለኝ። ሊዝበን ላይ መጽሐፉ የተጠላው እንግዳ ስለሆነ ነው፤ ላስታ ላይ የሰለቸው ደግሞ የቤት ነገር ስለሆነ። እኔ ለወዳጄ ያልኩት፣ አንተ የምታውቀውን ነገር እርሳቸው ከማኅበርና ከመቅደስ ተለይተው፣ ለብቻቸው በባዕድ አገር መከላከል ነበረባቸው ነው። ከዚያ በኋላ ቀሪውንም አዳመጠኝ።

እነዚህ ሁለቱ ከሩቅ የታተሙ ናቸው። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ላስታ በገዛ ዘመኗ ያላስጠጋችው መጽሐፍ አለ ይባላል፤ እርሱም ክብረ ነገሥት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ጽሑፍ እንደሚለው፣ መጽሐፉ ወደ ዓረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት (ዛሬ ከምንቆጥረው የተለየ ቀመር ነው)፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1225፣ ገብረ መስቀል በተባለው በላሊበላ ዘመነ መንግሥት፣ በጳጳሱ በአባ ጊዮርጊስ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ግን ወደ ግዕዝ አልተመለሰም። ምክንያቱንም ሳይደብቅ ይነግረናል፦ መጽሐፉ ከእስራኤል ዘር ያልሆኑ ቢነግሡ ሕግ መተላለፍ ነው ስለሚል፣ የላሊበላ ወገን በሆኑት ነገሥታት፣ በዛጔዎች ዘመን የሚተረጉመው አልተገኘም። በ1270 ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ከዛጔዎች ወሰደ። ከዚያ በ1314 እና በ1322 መሐል የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከረዳቶቻቸው ጋር በግዕዝ አዘጋጁት፤ በ117 ምዕራፍ።

ልብ በሉ፣ ይህን የሚነግሩን የዛጔን መንበር የወረሱት ወገኖች ናቸው። ላሊበላ መጽሐፉን አይቶ ፊቱን አዞረ የሚል ቃል ከላሊበላ ወገን አልመጣልንም። ቢሆንም ነገሩ ለሰሚው ጆሮ የተገባ ነው፤ በራሱ ላይ የተጻፈ ፍርድን ማን አስተርጉሞ ያስነብባል? እኔን ልጅ ሆኜ ግራ ያጋባኝ ግን ሌላ ነው። አንድ መጽሐፍ ዛጔዎችን ያለ መብት የነገሡ ይላል፤ ያችው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከእነዚያው ነገሥታት ይምርሃነ ክርስቶስን፣ ላሊበላን፣ ነአኵቶ ለአብን በቅዱስነት ታከብራለች። የኔታን ስጠይቃቸው «መንግሥቱን ክብረ ነገሥት ፈርዶበታል፤ ሰውየውን የፈረደለት እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። የላስታ ሰው ይህን ሁለቱን ሳይጣላ አብሮ ይዞ እዚህ ደርሷል።

የክብረ ነገሥት ነገር እዚያ ላይ አላበቃም። አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ሲወሰዱ ክብረ ነገሥትም አብሮ ሄደ። ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በአባታቸው ወገን ከዛጔ ዘር የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1871 ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ። ካሣ አፄ ዮሐንስ ተብለው እንደነገሡ ወዲያው ለእንግሊዝ መንግሥት በ1872 ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስ ጠየቁ፤ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ሲሉ። የብሪታንያ ሙዚየምም ከዘረፋው ሁሉ ያንን አንዱን መለሰ። አንድ ዘመን የማይፈልገውን መጽሐፍ ሌላው ዘመን ለዙፋኑ ሲል ባሕር ተሻግሮ ያስመልሰዋል።

ከመቅደላ ከሄዱት መጻሕፍት መሐል ገድለ ላሊበላም አለ። ሙዚየሙ ውስጥ ከነበረ የብራና ቅጂ ላይ ዡል ፔሩሾን የሚባል ፈረንሳዊ በ1892 ፓሪስ ላይ ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳተመ። ያን ጊዜ የታሪክ ሊቃውንት የላሊበላን ምሥጢር የሚፈታ መጽሐፍ አገኘን ብለው ሳይደሰቱ አልቀሩም። ሲያነቡት ግን በሕፃኑ ዙሪያ የሰፈረ የንብ መንጋ፣ ቅናት፣ መርዝ፣ ወደ ሰማይ መነጠቅ፣ መላእክት ናቸው ያገኙት። ሥራው የተጀመረበት ዓመት የለም፤ የመሐንዲስ ስም የለም። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካለፈ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ ለታሪክ ብዙም አይረባም የሚል ፍርድ ተሰጠው። እኔ ዘንድ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይህንኑ ይደግማሉ፤ አንዱ «እስከ ንቡ ድረስ አነበብኩት» አለኝ። ንቡ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው።

በዚህ መሐል ነው በ1992 የግራሃም ሃንኮክ መጽሐፍ የመጣው፤ ታቦተ ጽዮንን ፍለጋ የሚለው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሥራ። መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ሁሉ ገጹ የማይታጠፍ እርሱ ነው። ሰው በእንቅልፍ ሰዓቱ ያነበዋል፣ አንብቦም ይጨርሰዋል። ላሊበላን በሚመለከት የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ላሊበላ በስደት ኢየሩሳሌም ሳለ ቴምፕላር የሚባሉትን የመስቀል ጦር መነኮሳት ወታደሮች አገኘ፤ ሲመለስ ይዟቸው መጣ፤ ቤተ ክርስቲያናቱን የሠሩትም እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማስረጃው ምንድን ነው? ግርግዳና ጣሪያ ላይ የተቀረጹ መስቀሎች፣ ከዚያም ያች የአልቫሬዝ የነጮች ወሬ።

ይህን መጽሐፍ የማልወደው ፈረንጅ ስለጻፈው አይደለም። ለመጽሐፉ ያለኝ ቅሬታ በዓይን የሚታይ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ሊያየው ይችላል። የመስቀል ምልክት በኢትዮጵያ ገንዘብ ላይ የተቀረጸው በአፄ ኢዛና ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ቴምፕላሮች የተቋቋሙት በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ። ስምንት መቶ ዓመት ቀድሞ እቤት የነበረን መስቀል ለምን ከኢየሩሳሌም እንበደራለን? ቤተ አማኑኤል ዘንድ ወስጄም አቆማቸዋለሁ። ግርግዳው አንዴ ወጣ አንዴ ገባ እያለ የተወቀረው የአክሱም ሰዎች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሚገነቡትን ዓይነት ነው። ያው አሠራር በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ ይምርሃነ ክርስቶስ ላይ ቆሞ አለ፤ በበቅሎ ደርሶ ማየት ነው። ወቃሪው የአባቶቹን ግንብ አለት ላይ እየቀዳ ነበር። እንግዳ ሠራተኛ መጥቶ ይህን ከየት ያውቀዋል?

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት መጽሐፉን እንደያዘች ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ቆማ «ታዲያ የእናንተ ሰዎች ምን ሠሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመሳደብ አልነበረም፤ ያነበበችው መጽሐፍ ውስጥ እኛ ስለሌለንበት ነው። በዚያ ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የተናቀውን ገድል እንደገና ገለጥኩት። መላእክቱን አልፌ ስሄድ፣ የታሪክ ሊቃውንት ዓመት ሲፈልጉ ያለፉት ነገር አለ። ንጉሡ ድንጋይ መጥረቢያና መወቀሪያ የሚሆን ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያ አሠራ ይላል። ሰው ሰብስቦ፣ የምትሠሩበትን ደመወዝ እያንዳንዳችሁ በገዛ አፋችሁ ንገሩኝ አላቸው። ለሚወቅሩትም፣ የተፈለፈለውን አፈር ለሚያወጡትም እንደተናገሩት ከፈለ። መላእክት የመጡት ከእነዚህ ሠራተኞች ጋር ሊሠሩ ነው፤ ሰዎቹ ቀን አንድ ክንድ ወቅረው ሄደው ጠዋት ሲመጡ በሦስት ክንድ ጨምሮ ያገኙታል። ገድሉ ሥራውን ከሰው እጅ ነጥቆ ለመልአክ አልሰጠም፤ ሠራተኛው ቀን የሠራው ክንድ ተቆጥሮለታል።

በሰኔ 12 የንጉሡ ክብረ በዓል ሲሆን ይህ ገድል ይነበባል። ለሚሰማው የላስታ ገበሬ የንቡ ነገር አያሰለቸውም፤ ደመወዙም አያስገርመውም፤ ድንጋይ ሲቆረቁር የኖረ ሰው አፈር ማውጣት ከመወቀር የማይተናነስ ሥራ እንደሆነ ያውቀዋል።

ከጊዜ በኋላ በአገሩ ድንጋይ ጠራቢ የሆነ እንግዳ ገጠመኝ። መጽሐፍ አልያዘም። ግርግዳው ላይ የቀረውን የመሮ ምልክት በጣቱ እየተከተለ፣ ይህን ያህል ድንጋይ ሲመታ የዋለ ብረት በቀን ስንት ጊዜ ይዶለዱማል፣ ማንስ ይስልላቸው ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ብረቱ ገድሉ ውስጥ እንዳለ፣ የወቃሪውና የአፈር አውጪው ክፍያም እንዳለ ነገርኩት። ብረቱን እሳት ውስጥ አስገብቶ ስለሚያወጣው ቀጥቃጭ ግን የተጻፈ አላገኘሁም። በአገራችን ባለ እጅ የሚባለው ያ ሰው ማረሻችንን ሲያበጅልን ኖሮ ከመንደር ዳር እንጂ ከመሐል እንዲኖር ያልተፈቀደለት ነው። አልቫሬዝም አላየውም፣ ክብረ ነገሥትም አልጠራውም፣ ሃንኮክም አልፈለገውም። አንድ የላስታ ልጅ ተነሥቶ የዚህን ቀጥቃጭ ነገር ቢጽፍ እኔ መሮው የተዶለዶመባቸውን ግርግዳዎች አንድ በአንድ ላሳየው ዝግጁ ነኝ።